የዓሣ እሾህ ያልነው

እዚህ አርባ ምንጭ ጉሮሮው የተወጋ ሰው ሁሉ የወጋው የዓሣ እሾህ ነው። ሌላ አናውቅም። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ሙዝ ሳያኝኩ መዋጥ። ሙዝ ደግሞ በዚህ አገር አይጠፋም፤ የጫኖ ሙዝ በየቤቱ በዘለላው ተሰቅሏል።

አባቴ ሊጠይቀን ከደጋ የወረደ እሑድ ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መጥበስ ያዘ። በመጥበሻው ነገር ይኮራል። ፍርግርጉን በሽቦ ብሩሽ እየፈተገ፣ "ብረት እንዲህ ሲያበራ አይተሽ ታውቂያለሽ?" ይለኛል። ብሩሹ አርጅቷል፤ ሽቦው ግማሹ ተጣሟል፣ ግማሹ የለም። የት ገባ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ዓሣውን ጠብሶ ሲያነሳ በዚያው ላይ ሥጋውን አሳረፈ፤ ሁሉም ሲደርስ ለምሳ ቀረብን።

ምሳው ሳይጋመስ አባቴ እጁን ሰበሰበ። አንገቱን ይዞ ዋጥ ያደርጋል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ደግሞ ዋጥ ያደርጋል።

"እሾህ ነው" አለ ባለቤቴ። "አይጨነቁ አባባ፣ አሁን ይሄዳል።"

ሙዝ ልጬ አጎረስኩት። ዋጠው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ሄደልህ አባዬ?"

አልሄደም ሲል በእጁ አሳየኝ። ሌላ አጎረስኩት፤ እሱንም ዋጠ። ከዚያ በኋላ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶት በመሐረብ ይቀበለው ጀመር። ያን ጊዜ ፈራሁ። እሾህ ስንት ጊዜ ወግቶኛል፣ እንዲህ ግን አድርጎኝ አያውቅም።

ድምፃችንን የሰማች ጎረቤታችን ገባች። "የምን ዓሣ እሾህ ነው? የቆሮሶ ነው የአምባዛ?" ብላ ጠየቀች።

ልመልስላት አፌን ከፍቼ አባቴን አየሁት። አባቴ እኮ ዓሣ አይበላም! የውሃ አውሬ ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ እንደተጸየፈው ነው። ሥጋውን የጠበስንለትም ለዚሁ ነበር። አጥንት የሌለው ሥጋ ነው የበላው።

"ታዲያ ምንድን ነው የወጋው?" አለች ጎረቤታችን።

ባለቤቴ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ግቢው ወጣ፤ ፍርግርጉ ላይ አጎንብሶ በጣቱ ሲዳብስ በበሩ አየዋለሁ። ሲመለስ በሁለት ጣቱ መሃል የፀጉር ያህል የቀጠነች ሽቦ ይዟል። ለሦስተኛ ጊዜ የላጥኩት ሙዝ እጄ ላይ ነበር።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ስንሄድ፣ መንገዱ ባነጠረን ቁጥር በአባቴ ጉሮሮ ያለችው ሽቦ ወደ ውስጥ ስትዘልቅ ይታየኛል። ሹፌሩን "ቀስ በል" እለዋለሁ፣ ወዲያው ደግሞ "ፍጠን እንጂ!" እላለሁ። ምስኪን፣ የቱን ይስማ? ባለቤቴ "ያንን ብሩሽ ዛሬውኑ ነው የምጥለው" ይላል ደጋግሞ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ብናገር እንደምጣላው ስለማውቅ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ሁለት ሙዝ እንዳዋጥነው ጭምር ለሐኪሙ ነገርነው። ራጁ ላይ ከጉሮሮው በታች አጭር ነጭ መስመር ታየች። ሐኪሙ ካሜራ ባለው ቱቦ ሊያወጣት እንደሚሞክር፣ ካልሆነ ግን ቀዶ ጥገና ወዳለበት ትልቅ ከተማ እንደሚልከን ነገረን። በሩ ሲዘጋ አንዱን ታቦት ጠርቼ ሳልጨርስ ሌላውን እጠራለሁ። አባቴ ከዚህ በር ሞቶ ቢወጣ ለወንድሞቼ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ሥጋ ስንጠብስለት ሞተ?

ወጣችለት። አስገብተውን ስናየው ከንፈሩ ደርቋል፣ ግን ይተነፍሳል፤ ያለ መሐረብ ይውጣል። ሐኪሙ ሳህን ላይ ያለችውን ሽቦ አሳየንና ወደ አባቴ ዞሮ ቆጣ አለ።

"አባት፣ ሙዙ ነው ወደ ታች የገፋት። የመጀመሪያውን ሲውጡ አላመመዎትም?"

"አመመኝ" አለ አባቴ በሻከረ ድምፅ። "በጣም አመመኝ።"

"ታዲያ ሁለተኛውን ለምን ዋጡ?"

አባቴ በጥያቄው የተገረመ መሰለ።

"ልጄ ናት ያጎረሰችኝ" አለ። "የልጄን እጅ እንዴት ልመልስ?"