ድራም መቺዋን ልለምን ወደ መርሳ

ንጋት፣ ወልድያ

ገና ሳይነጋ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ባጃጅ መናኸሪያ አደረሰኝ። የምሄደው መርሳ፣ ከዚያም ሀብሩ ገጠር ነው፤ ድራም የምትመታ ልጅ ልለምን።

ልጄ ትዕግስትና ሦስት ጓደኞቿ ባንድ አላቸው፣ አራቱም ሴቶች። የሚጫወቱት ሮክ ነው። «ግራንጅ ነው እማዬ፣ ፓንክም አለበት» ትለኝ ነበር። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ለጆሮዬ ድንጋይ የገባበት ወፍጮ ነው። አልበማቸው አንድ ዘፈን ሲቀረው ጦርነቱ መጣና ከተማው ተያዘ።

ከተማው ከተለቀቀ ወዲህ ትዕግስት አትናገርም። ምግብ ስሰጣት ትቀበላለች፣ ሳናግራት ግድግዳ ታያለች። ባለፈው ሳምንት ብቻ ድምጿ ወጣ፦ «ፋንታዬ ትምጣልኝ። እንጨርሰው።»

ሁለቱ ጓደኞቿ ሸሽተው አልተመለሱም። ፋንታዬ ድራም መቺዋ ናት። ወንድሟ በጦርነቱ ሞቶ ወላጆቿ ቤት ገብታ ቀረች፤ ስልኳም አይሠራም። ትዕግስትን በዚህ መንገድ አልልክም፤ በሴት ልጆች ላይ የደረሰውን ሰምቻለሁ። እኔም እፈራለሁ። ግን እኔ ብሄድ ይሻላል።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

የሚኒባሱ ታሪፍ እጥፍ ሆኗል፣ ማንም አልተከራከረም። ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ ታንክ ላይ አንዷ ልብስ አጥባ አስጥታለች። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች «እንደገና ሊጀመር ነው አሉ» ይባባላሉ። ቦርሳዬን ጭምቅ አደረግኩ።

ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። «እናቴ፣ እንዲህ ካቀፉት ኬላ ላይ ቦምብ ነው ይሉናል።»

«ስልክ ነው ልጄ። የልጄ ዘፈን አለበት።»

«ምንድን ነው፣ ትዝታ?»

«ጩኸት» አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ኬላው ሲታይ ሁላችንም መታወቂያችንን አወጣን።

ወታደሩ መታወቂያዬን ገልብጦ አየ። «ወዴት ነው?»

«ለቅሶ ልደርስ።»

እውነት ነው። አሳለፈኝ።

ከሰዓት፣ ሀብሩ

መርሳ ማንጎና ፓፓያ እንደ ድሮው ተደርድሯል። ለለቅሶ ቤት ስኳር ገዝቼ በባጃጅ ወጣሁ፤ ባጃጁ ሲያቅተው በማሽላው መሀል በእግሬ ሄድኩ።

ፋንታዬ ጥቁር ለብሳ ደጅ ተቀምጣለች፣ ራሷን ተላጭታለች። ስታየኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እናቷ እትዬ የሺ ወጡ። ልጃቸውን አብረን አለቀስን፤ ተቀምጠን ውሃ ከጠጣሁ በኋላ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ሬሳውን እንኳ አላየነውም» አሉ። «ዓመቱ ሳይሞላ ከዚህ ቤት ዘፈን አይወጣም። አንቺም ወልደሻል፣ መቼም አይጠፋሽም።»

«አይጠፋኝም እትዬ። ልጄ ግን እየሞተችብኝ ነው።»

ፋንታዬ አቀርቅራለች፤ ጣቶቿ ግን ጉልበቷን ይመቱ ነበር። እናቷ አዩት።

«እስቲ አሰሚኝ። ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚያንከራትትሽ?»

ስልኩን ከፈትኩ። ያላለቀው ዘፈን ነው፣ ድራም የለበትም። ጊታሩ እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል፣ ትዕግስት ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮሃለች። በሐዘን ቤት ይህን ማሰማቴ አሳፍሮኝ ልዘጋው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይው።»

እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይሄ ዘፈን አይደለም» አሉ። «የልጄን ሞት የነገሩኝ ቀን የያዙን ታጣቂዎች እዚሁ መንደር ነበሩ። ይሰሙኛል ብዬ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነው ያለቀስኩት። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።» ወደ ፋንታዬ ዞሩ። «ሂጂ። ሐዘንተኛ አትጩህ አይባልም። ለእኔም ጩኺልኝ።»

በማግስቱ፣ ወልድያ

አድረን ጠዋት ተነሳን፤ ሳይረፍድ ቤት ደረስን። ትዕግስት በር ላይ ቆማለች። የፋንታዬን የተላጨ ራስ ዳሰሰች እንጂ አልተናገረችም። ድራሙ ተዘርፏል፤ ፋንታዬ ባዶ ጀሪካን ገለበጠችና በሁለት እንጨት ጀመረችው። ትዕግስት ስልኩን መቅጃ ላይ አድርጋ ጊታሯን አነሳች። ከዚያ ጮኸች። በጦርነቱ ሁሉ እንዲያ ያለ ድምፅ ከቤቴ አልወጣም።

ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ። «ማን ሞተ?»

ማንም አልሞተም ልላቸው ፈልጌ አፌ እምቢ አለ። «ግቡ» አልኩ። ገብተው መሬት ተቀመጡ። አንዷ የባሏን ስም ጠራች፣ ሌላዋ የልጇን። ፋንታዬ መምታቷን አላቆመችም።

ሌላ ጊዜ አልቀዱትም። አልበሙ እጃችሁ ከገባ፣ መጨረሻው ላይ ከኋላ የሚሰሙት ሴቶች የባንዱ አይደሉም። ጎረቤቶቼ ናቸው።