ውሃ የማይደፋበት እሳት

ስለ እሳት ዓይነቶች ካስተማርኩ ወዲህ ተረጋግቼ መቀመጥ አቅቶኛል። ሰሌዳው ላይ በየተራ ጽፌ ነበር፦ እንጨትና ወረቀት ሲነድ ውሃ፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ መጀመሪያ ኃይሉን ማቋረጥ፤ ዘይት ከሆነ ከድኖ አየር መከልከል፣ ውሃ በፍጹም። አሁን ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ዓይኔ ሊነድ የሚችል ነገር ይፈልጋል። ጉለሌ በተከራየሁበት ግቢ ደግሞ ፍለጋም አያሻኝም። የጋራ ኩሽናችን ጥግ ላይ ከእንጦጦ የመጣ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተከምሯል፤ የኤሌክትሪክ ስቶቩ የተላጠ ገመድ በናስትሮ ተጠቅልሏል።

ባሏ አዲሱ ገበያ ሱቅ ያለው ጎረቤቴ በረመዳን እዚሁ ኩሽና ውስጥ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። አንድ ቀን ማፍጠሪያው ሲቃረብ ደብተር እያረምኩ ጩኸቷን ሰማሁ። ስደርስ መጥበሻው ውስጥ ያለው ዘይት ተያይዟል፤ ነበልባሉ ወደ ቅጠሉ ያዘነብላል። እሷ እጀታውን በጨርቅ ይዛ ወደ ውጭ ልታወጣው ነው።

"እንዳታነሺው፤ ይፈስብሻል።"

እጇን መለሰች። ግን ግቢው ሁሉ እየመጣ ነበር። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ሰው ያጠራቀመውን ይሰስታል፤ እሳት ሲነሳ ግን ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። አከራያችን ጋሼ ጄሪካን ታቅፈው ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። በሩ ላይ ቆምኩባቸው።

"ጋሼ፣ አይድፉ። ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ ውሃው ከሥሩ ገብቶ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ዘይቱን..."

"ልጄ፣ ቤቴ እየነደደ ነው። ትምህርቱ በኋላ ይደርሳል።"

"ከደፉበት ጣሪያው ድረስ ይረጫል። ይልቅ ቆጣሪውን ያጥፉልኝ።"

ቆጣሪውን ከእሳቸው በቀር ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። ጄሪካኑን አስቀምጠው ሮጡ።

መክደኛ ፈለግሁ፤ የለም። ያለው ያልተጠበሰ ሳምቡሳ የተደረደረበት ሰፊ የብረት ትሪ ነው። ጎረቤቴን አየኋት። የልጆቿን ማፍጠሪያ መሬት ላይ ገለበጠችና ትሪውን አቀበለችኝ። ከፊት ለፊቴ እንደ ጋሻ ይዤ፣ ከዳር አንሸራትቼ መጥበሻውን ከደንኩት። ነበልባሉ ተዋጠ። በጠርዙ ጥቁር ጢስ ወጣ።

"ጠፋ?" አሉ ጋሼ ተመልሰው። እጃቸው ወደ ትሪው ሄደ።

"እንዳይከፍቱት። ዘይቱ እንደጋለ ነው፤ አየር ካገኘ እንደገና ይነሳል።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪቀዘቅዝ።"

በዚህ መሐል ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ሳምቡሳው አፈር ላይ ተበትኗል። ልጆቹ እናታቸውን ያያሉ። ጋሼ ብርጭቆ አስመጡና ከጄሪካናቸው ለልጆቹ፣ ከዚያ ለእሷ ቀዱ።

"እዚህ ላይስ ውሃ ይፈቀዳል፣ ቲቸር?"

"ይፈቀዳል" አልኩ፣ ዓይኔን ከትሪው ሳልነቅል።

ጎረቤቴ ጠጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"አሁንስ?"

"ገና ነው።"