ልቅሶ ቤት ፊቴን የጠየቀኝ ስልክ

መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። የእኔን ሥራ የሚሠራ ሰው ያለ ሁለት ነገር አይኖርም፤ ምላሱና ስልኩ። ምላሴን እግዚአብሔር ሰጠኝ፤ ስልኬን ግን በራሴ ጥጋብ ለወጥኩት። የድሮው ምንም አልሆነም ነበር። መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል እንጂ ደህና ይሠራል። አጠገቤ ያሉት ነጋዴዎች አዳዲስ ስልክ ይዘው ሳይ ግን የእኔን ባንኮኒ ላይ ማስቀመጥ ያሳፍረኝ ጀመር። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ሲመርጥ እንዲህ ይሳሳታል።

ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ ገና ከካርቶኑ ሲያወጣው፣ “ይሄኛው ጣት አያውቅም ጋሼ። የሚያየው ፊት ነው” አለኝ። አንገቴን እንደ ዶሮ ወዲህ ወዲያ እያዞርኩ ፊቴን አስመዘገብኩ። በዚያች ሰዓት ኮርቼ ነበር። እጄን ሳላስነካው ገና ሲያየኝ ሲከፈት፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው የቀጠርኩ መሰለኝ።

ችግሩ አውራ ጣቴ ነው። ለዓመታት ዓይኔን ከደንበኛው ላይ ሳላነሳ ከባንኮኒው ሥር ስልኬን በአውራ ጣቴ እከፍት ነበር። ዕቃ የማስተካክል መስዬ አንድ ጊዜ ዝቅ እላለሁ፤ ዋጋው የት እንደደረሰ አይቼ ቀና እላለሁ። የነቃብኝ ደንበኛ የለም። መርካቶ ውስጥ ሰው እያዋራህ ስልክ ማየት ንቀት ነው፤ ሳይታወቅብህ ማየት ግን ሙያ ነው። አዲሱ ስልክ ይህን ሙያዬን ቀማኝ። እንደ መስታወት ከፍ አድርጌ ይዤ ካላፈጠጥኩበት አይከፈትም። አቧራውን ፈርቼ አፌን በሻርፕ ስሸፍን አያውቀኝም። ኮፍያዬን ዝቅ ሳደርግም አያውቀኝም። አውራ ጣቴ ደግሞ ቢመክሩት የማይሰማ ነው፤ የድሮ ቦታውን ፈልጎ ባዶውን መስታወት ሲጫን ይውላል። ፊት ለፊቴ ያለው የጨርቅ ነጋዴ ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር፣ “ዛሬስ አምሮብሃል አለህ?” እያለ መሳቂያ አደረገኝ።

ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ ያለው የባልና ሚስት ሱቅ ነው። እኔ ጋሼ የምላቸው አዛውንትና እትዬ የምላቸው ባለቤታቸው ፎጣና ነጠላ ይሸጡበታል። ልጅ አልወለዱም። ጋሼ ዝምተኛ ናቸው፤ ሱቁን የሚያናግሩት እትዬ ነበሩ። ሱቄን በከፈትኩ ሰሞን፣ ሰው በሬን እያለፈ ሲሄድ፣ ነጠላ የገዛውን ሁሉ “ብርድ ልብስም ከዚህ ከጎን አለ፣ የእኛው ልጅ ነው” እያሉ ይልኩልኝ ነበር። ባንክ ስሄድ ሱቄን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ናቸው። ስመለስም ሸጠው ይቆዩኛል፤ ያውም እኔ ከምሸጠው አስበልጠው። ምሳ ሳልበላ ከዋልኩ ያውቁብኛል። “ብላና ተከራከር” ይሉኛል።

እትዬ ሲታመሙ አንድ ቀን ሄጄ ጠየቅኳቸው። ትራስ ተደግፈው ስለ ገበያ ጠየቁኝ፤ ስለ ራሳቸው ምንም አላወሩም። ከዚያ በኋላ ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ነገ የራሱን ሥራ ይዞ ይመጣል። ቤታቸው ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። በእግር የሚኬድ መንገድ ነው፤ ሰበብ የሚሆን ርቀት እንኳ የለውም። እንዲህ ስል ሰነበትኩና አንድ ጠዋት የሱቃቸው በር ተዘግቶ አገኘሁት። ማረፋቸውን የነገረኝ ያው የሚያሾፍብኝ የጨርቅ ነጋዴ ነው።

ከቀብር መልስ መንደራቸው ውስጥ በተተከለው የዕድር ድንኳን ተቀመጥን። የሰፈሩ ሰው አለ፣ የገበያው ሰው አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ጋሼ ከውስጥ በኩል ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣቸውም። መቃብሩ አፋፍ ላይ እንኳ የሌላ ሰው ቀብር ላይ የተገኙ ይመስል ዝም ብለው ቆመው ነበር። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ፣ “ካላለቀሰ ይጎዳዋል፤ ውስጡ ይቀራል” ብለው አንሾካሾኩ። ሁላችንም የተጨነቅነው በዚህ ነበር። እጃቸውን ጨብጠን “እግዜር ያጥናዎ” እንላለን፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንቀመጣለን።

እየመሸ ሲመጣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ደላላው መሆኑ ገባኝ። ብርድ ልብስ ሊገባ ነው ብሎኝ ነበር፤ ቶሎ ካልመለስኩለት ለሌላ እንደሚሰጠውም አውቃለሁ። ሰው ልቅሶ ላይ ሆኖ እንዴት ስለ ብርድ ልብስ ያስባል አትበሉኝ፤ አሰብኩ። በስንት ልቅሶ ቤት እንዲህ አድርጌያለሁ። እጅ ጋቢ ውስጥ፣ አውራ ጣት ስልክ ላይ፣ ፊት ኀዘን ላይ። ማንም ሳያውቅ አንብቤ፣ ማንም ሳያውቅ መልሼ እወጣለሁ።

አውራ ጣቴ እንደ ልማዱ ሄዶ መስታወቱን ተጫነ። ስልኩ ዝም አለኝ። ለካ ፊቴን ነው የሚፈልገው። ተነስቼ ብወጣ ከመሀል ስለተቀመጥኩ ስንት ጉልበት አስነስቼ ነው የማልፈው። ስለዚህ ጋቢዬን ጭንቅላቴ ላይ ስቤ ተከናነብኩና ወደ ጉልበቴ አጎነበስኩ። ልቅሶ ቤት ተቀምጦ እንዲህ ያደረገ ወንድ ምን እየሆነ እንደሆነ አገር ያውቃል። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ያንን አላሰብኩም፤ የማስበው ስልኩ እንዴት እንደሚያየኝ ብቻ ነበር።

አላየኝም። ጭንቅላቴን ወደ ግራ ወሰድኩ፣ ወደ ቀኝ መለስኩ። ራቅ አልኩለት፣ መልሼ ተጠጋሁት። አገጬን አነሳሁ። ጋቢው እየወረደ ግንባሬን ሲሸፍንብኝ በትከሻዬ ገፋ ገፋ አደረግኩት። ተናድጄ አፍንጫዬን ሳብ አድርጌ በረጅሙ ተነፈስኩ። በመጨረሻ ተከፈተልኝ። የደላላውን መልእክት አየሁና “ያዝልኝ” ብዬ ጻፍኩ።

ቀና ልል ስል ክንድ አንገቴ ላይ አረፈ። ከባድ ክንድ ነው። ከዚያ የሰው ደረት፣ ከዚያ የሰው ጭንቅላት በጋቢዬ ላይ ተጫነኝ። ጋሼ ናቸው። ከፍራሹ ተነስተው፣ በሰው መሀል አልፈው መጥተው እላዬ ላይ ወደቁ። “እናትህ ሄደች፣ እናትህ ጥላን ሄደች” አሉና ከውስጣቸው አንድ ነገር ተቀደደ። እንዲህ ያለ ልቅሶ ከአዛውንት ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ከወዲያ ተቀበሏቸው። ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። እኔ ስልኩን በሁለት ጉልበቴ መሀል ጨብጬ፣ ዓይኔ ደረቅ እንደሆነ፣ ከጋሼ ደረት ሥር ታፍኜ ተቀመጥኩ። ሲለቁኝ ፊቴን በጋቢው ጠረግኩ፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረውም። ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ “ተባረክ፣ አንተ ነህ ያወጣህለት” አሉኝ።

ብርድ ልብሱ መጣ፤ ሸጥኩትም። የጨርቅ ነጋዴው ማሾፉን ተወ፤ ይባስ ብሎ ጠዋት ጠዋት ቀድሞ ሰላም ይለኝ ጀመር። “ሰው አይታወቅም እኮ፤ እኔ አንተን ደንዳና ነበር የምልህ” አለኝ አንድ ቀን። ደንዳና ቢለኝ በወደድኩ። በገበያው ውስጥ ስሜ ተነሳ። ለእትዬ እንደ ልጅ ያለቀሰው እኔ ሆንኩ። ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር ፊቴን ሲጠይቀኝ ጋቢው ውስጥ ያለሁ ይመስለኝና ሰውነቴ ይሞቃል። በኋላ በሴት ልጄ ፊት ማየቱን አስጠፍቼ በቁጥር የሚከፈት አደረግኩት። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ መነጽር ሳደርግ አያውቀኝም አልኳት። መነጽር የለኝም።

ጋሼ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ሄጄ ልነግራቸው አሰብኩ። ሄድኩም። የተጠቀለለ ፎጣ እየፈቱ መልሰው ይጠቀልላሉ። ያን ልቅሶ ሳስታውስ ፎጣውን ከጫፉ ይዤ አብሬያቸው መጠቅለል ጀመርኩ። በዚያ እንባ ነው የቀለላቸው። የእኔው የሐሰት ነበር ብዬ ብነግራቸው የእሳቸውንም የምወስድባቸው መሰለኝ። እንዲህ ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው።

የእትዬ አርባ ቀን ደረሰ። ጋሼ ተዝካሩ ላይ ሌላ ቦታ እንድቀመጥ አልፈቀዱልኝም፤ እጄን ይዘው ከጎናቸው፣ ልጅ ቢኖር በሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጡኝ። የሚገባው ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን ይጨብጣል። ለእሳቸው ያለውን ለእኔም ይላል። አንዲት እናት ጉንጬን ሳሙኝና “እግዜር ያጥናህ ልጄ፣ ከወለዱትም ትበልጣለህ” አሉኝ። ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። ወደ ጋሼ ጆሮ ጠጋ አልኩ።

“ጋሼ፣ የዚያን ቀን እኔ…” አልኩ።

“ስልክህን ነበር የምታየው” አሉኝ፣ በሩን እያዩ።

ምላሴ፣ ያ የምኖርበት ምላሴ፣ “እንዴት አወቁ?” ብቻ አለ።

“ድንኳኑ መብራት አልገባለትም ነበር እኮ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ጋቢህ ከውስጥ በርቶ ፋኖስ መስለህ ነበር። ከእኔ ወገን ያለው ሰው አንድ ሁለቱ ማየት ጀምሮ ነበር። አሁን ይሳቅበታል አልኩ በልቤ። እሷ ደግሞ በአንተ ሲሳቅ አትወድም ነበር። ተነስቼ መጥቼ ሸፈንኩህ።”

“እንባዎስ ጋሼ?”

“እንባው በኋላ ነው የመጣው። ልሸፍንህ ብዬ አንገትህን ስይዝ ሞቀኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ እጄን ጨብጦኝ ያልፋል እንጂ ያቀፍኩት ሰው አልነበረም። ለእሷም አንድ ልጅ አለቀሰላት ተባለ። መቼም ማን ያለቅስላት ነበር?” አሉኝ።

ሰዎች ገቡ። “እግዜር ያጥናችሁ” አሉን። ጋሼ ለሁለታችንም “አሜን” አሉ።

የእኔ እንባ የመጣው ያኔ ነው። እትዬ ሱቄን ሲጠብቁልኝ ታዩኝ፤ ትራስ ተደግፈው ስለ ገበያ ሲጠይቁኝ ታዩኝ፤ ዳግመኛ ሳልሄድላቸው መቅረቴ ታወሰኝ። እጄ ጋቢዬን ልትስብ ተነሳች። ጋሼ ከጎኔ ናቸው። አሁን ብከናነብ ከውስጥ ምን እያደረግኩ እንደሚመስላቸው አሰብኩና እጄን መለስኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ፊቴን ሳልሸፍን አለቀስኩ።