ደመና የምትቆምበት ደጅ

ከሞላሌ በላይ፣ ጅባራና ጓሳ ብቻ ከሚበቅልበት ተራራ አናት ላይ አንዲት የሬዲዮ ጣቢያ አለች። እኔና ጥቂት ጓዶቼ እዚያ የተመደብን ወታደሮች ነን፤ ሥራችን መልእክት ተቀብሎ ማስተላለፍ ነው። ጉም ሲወርድ ግን ከእኛ ሌላ ሰው በምድር ላይ መኖሩን የምናውቀው በአንዲት ቃጭል ድምፅ ብቻ ነበር። ቃጭሏ ደመና የምትባለው በቅሎ አንገት ላይ ናት። ደመናን እየሳቡ ስንቃችንን የሚያመጡልን ጋሼ ወሰኔ ነበሩ።

ድምፁ ከታች፣ ከነጩ ውስጥ፣ በእንቅልፍ ልብ እንደሚሰማ ነገር ቀስ እያለ ይመጣል። እመንገዱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ቆይቶ ደግሞ ይቀጥላል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው። አንዱ ጓዳችን «ሽማግሌው ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው» ይላል፤ ሌላው «ከበቅሎዋ ጋር እየተማከሩ ነው» ይላል። እኔ ያቺን ዝምታ እወዳት ነበር። ዳቦው ሊደርስ ትንሽ እንደቀረው የምታበስረኝ እሷ ናት።

ጋሼ ወሰኔ የዚያው የማማ ምድር ወረዳ ገበሬ ልጅ ናቸው። በጉብዝናቸው ወራት ወታደር ሆነው ከጭነት በቅሎዎች ጋር ኖሩ፤ ጡረታ ሲወጡም በሲቪል ሠራተኝነት ከተራራው ግርጌ ባለው የሠራዊቱ ጋጣ ቀሩ። እኛ እንደ ድሮው የፈረስ ሹም «ባልደራስ» እያልን እናሾፍባቸዋለን፤ እሳቸው ደግሞ ሹመቱ የእውነት ይመስል ኮስተር ብለው ይቀበሉናል። ደመናን ከውርንጭላነቷ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው እማማ አመተሥላሴ «ሰውዬው ሁለት ሚስት ነው ያላቸው፤ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ» ይላሉ።

አንድ የበጋ ቀን ሻምበሉ መጥቶ ጋጣው ደጅ ላይ ሰበሰበን። በጀት ተቀንሷል፤ በቅሎ መቀለብና ጋጣ ማደስ ከእንግዲህ የሠራዊቱ ሥራ አይደለም፤ ስንቅ ማመላለሱ በጨረታ ለግል ድርጅት ተሰጥቷል አለን። ያማረ ንግግር ነበር። «ቁጠባ» ባለ ቁጥር ጋሼ ወሰኔ የደመናን ጆሮ ያሻሉ። በቅሎዎቹም ተሸጡ፤ ደመናን የገዛት ያው ድርጅት ነው። ሽማግሌው አቅማቸው አልደረሰም። አጥር ተደግፈው ስትወሰድ አዩና «በሰላም ግቢ» አሏት።

በጋውን የድርጅቱ መኪና እስከ አናቱ ድረስ ይወጣ ነበር፤ እውነቱን መካድ አይቻልም። ክረምቱ ሲገባ ግን ጎማው ጭቃ ውስጥ ይሰምጥ ጀመር። የድርጅቱ ተቆጣጣሪ አትናቴዎስ ደመናን አስጫነ። እሷም ከተራራው ወገብ ላይ ካለችው ኪዳነ ምሕረት ደጅ ስትደርስ ቀጥ አለች። ሳባት፣ ገፋት፣ ገረፋት፤ ንቅንቅ አልል አለች። በሰው ሸክም ያመላልስ ጀመር፤ ክፍያውንም «የመልክዓ ምድር ጭማሪ» ብሎ ሠራዊቱ ላይ ጫነው። አንዲት በቅሎ በገብስ ገለባ ስትሠራው የኖረችው ሥራ ማለት ነው። እኔ ኢኮኖሚ አልተማርኩም፤ ግን ይህን ነገር ቁጠባ ብሎ የሰየመውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል።

የአረም ወቅት ሲደርስ ተሸካሚም ጠፋ። አናት ላይ በሶው አለቀ፣ ለምድጃው የሚሆን ጋዝም አለቀ። ቃለአብ የሚባለው ጓዳችን በብርድና በሳል ተኛ።

የቻልኩትን ተሸክሜ ልመለስ ብዬ ወረድኩ። በመንገዴ ጋሼ ወሰኔ ቤት ጎራ አልኩ። እማማ አመተሥላሴ ከጥቁርና ከነጭ የበግ ጠጉር ገመድ ይገምዳሉ፤ ፊታቸው ፈክቷል።

«ደመና ልትመጣልን ነው» አሉኝ። «ያ ሰውዬ አልታዘዝ አለችኝ ብሎ ለቅዳሜ ገበያ በርካሽ ሊያወጣት ነው። በጎቻችንን ሸጠን እየጠበቅን ነው።»

ጋሼ ወሰኔ እንደ ሙሽራ አፍረው መሬት መሬት ያያሉ። እንኳን ደስ አላችሁ አልኩ፤ ከልቤ ነበር። ከዚያ ምንም ሳላስብ የእኛን ነገር አወራሁላቸው፤ በባዶ ሆዳችን ማደራችንን፣ የቃለአብን ሳል።

ሽማግሌው ተነሥተው በትራቸውን አነሡ።

«አንቱ» አሉ ባለቤታቸው ቀስ ብለው፣ «ቅዳሜ እኮ ሩቅ አይደለም።»

«የሰው ልጅ በብርድ ተኝቷል፣ አመተሥላሴ።»

«እኔ ምን አልኩ።» የገመዱን ጫፍ አጥብቀው ቋጩና ሰጧቸው። ለምን እንደሰጧቸው ያን ጊዜ አልገባኝም።

ተከትያቸው ወጣሁ። አትናቴዎስ ከገበያው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሊሞክራት ጭኗት ወጥቶ ኖሮ፣ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ላይ በጉም ውስጥ ሲጣላት አገኘነው። ጋሼ ወሰኔ ጫማቸውን አወለቁ። የደጁን መቃን ሳሙ፣ እርጥቡ ሣር ላይ ሰገዱ፣ ተነሡ። «በይ እንሂድ፣ እናቴ» አሏት። ቃጭሉ ጮኸ፤ ደመና መንገዷን ጀመረች። ያን ሁሉ ዘመን አናት ላይ ሆኜ ስሰማት የኖርኩት ዝምታ ምን እንደሆነች ያን ጊዜ ገባኝ።

«ይኸው ብቻ ነው?» አለ አትናቴዎስ።

«ይኸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይሳለሙ ማለፍ ነውር ነው፤ እሷም ይህንኑ ለምዳ ነው ያደገችው። ተሳለም፣ ትሄድልሃለች።»

«እኔ ደግሞ ታማለች ብዬ ልሸጣት ነበር። ለካ ደህና በቅሎ ናት፤ አሁንማ አልሸጣትም።»

«ደህና በቅሎ ናት» አሉ ጋሼ ወሰኔ።

አሮጌውን ገመድ ፈትተው አዲሱን አሰሩላት፣ ጫፉን ለእኔ ሰጡኝና እደጁ ላይ ቀሩ። ዞር ስል ጉሙ ሸፍኗቸዋል። ቃጭሉ እየራቀ ሲሄድ ይሰሙ እንደነበር አውቃለሁ፤ ጆሯቸው ደህና ነው።

አናት ላይ ጭነቱን ሳወርድ እጄ ገመዱን ነካ። ለስላሳ ነበር፤ የእማማ አመተሥላሴን ምድጃ ጭስ ይሸታል። ዳቦውን ቆርሼ ለቃለአብ ሰጠሁት። የራሴን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ርቦኝ ስለነበር በላሁ።