ስኳር ያቆምንበት ክረምት

ማር በለብታ ውኃ ሲበጠበጥ የሚያወጣውን ሽታ ዛሬም አልችለውም። ሰርግ ቤት ብርዝ ሲቀርብልኝ «ይቅርብኝ» ስል አሳላፊው ይቀየመኛል፣ ዘመድ ደግሞ «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» እያለ ይንሾካሾካል፤ እኔ ግን ብርጭቆው ወደ አፍንጫዬ በቀረበ ቁጥር የሚታየኝ አምቦ ያለው የልጅነት ቤታችን፣ መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ቢጫ የፕላስቲክ ጆግ፣ በእንጨት ማንኪያ እያማሰልኩ «መጣሁ፣ እማዬ!» የምለው የያኔዋ እኔ ነኝ። ያቺን ልጅ አንዳንዴ በጥፊ ባጮላት ደስ ይለኛል።

እናቴ አስቴር መዝገብ ቤት ነበር የምትሠራው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፋይል ስታገላብጥ ትውልና በባጃጅ ትመለስ ነበር። ወፍራም ነበረች፣ በጣም ወፍራም። በእኛ ሰፈር ደግሞ መወፈር የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አልነበረም፤ እሑድ ቸርች ስንሄድ ሴቶቹ ጉንጯን እየሳሙ «አስቱ፣ ተመችቶሻል!» ሲሏት ዓይኗ በሳቅ ይጠፋ ነበር፣ አስተማሪው አባቴም የእሱ ሙያ ይመስል ደረቱን ነፋ ያደርግ ነበር። የጎደለን አንድ ነገር ነበር። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ልጅ ስትለምን ኖራለች።

የስድስተኛ ክፍል ትምህርት በጨረስኩበት ክረምት የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷ ግን የሰባት ወር ያህል ገፍቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «መንታ ነው፣ አትጠራጠሩ!» ይል ነበር። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ ሲጮህ፣ እናቴ ውኃ አልጠግብ ብላ፣ ጠጥታ ሳትጨርስ ሽንት ቤት እየሮጠች፣ ተመልሳ ደግሞ ጆጉን እየጠየቀች ትውል ነበር። ጥማቷን ማንም እንደ በሽታ አልቆጠረውም፤ «ልጁ ነው የሚጠጣው» ተባለ፣ እሷም ልጁ ከጠጣማ ብላ ለስላሳውን በላይ በላዩ ታወርደው ነበር።

ጤና ጣቢያ ለክትትል ስትሄድ ቦርሳዋን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሲስተሯ የእናቴን ጣት ወግታ ደሟን በትንሿ መሣሪያ ለካችና፣ ቁጥሩን አይታ እንደገና ለካች። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ቀስ ብላ ነገረቻት። «አስቴር፣ ስኳር አለብሽ። ደምሽ ውስጥ የበዛው ስኳር ወደ ልጁ ያልፋል፤ ልጁ ይገዝፋል፣ ግን መግዘፉ ጤና አይደለም፣ ሳንባው ሳይጠና ሊቀር ይችላል። ሲወለድ ደግሞ የለመደው ስኳር ድንገት ይቋረጥበትና ይዝላል። ሆስፒታል እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም ጣፋጭ የሚባል ነገር አቁሚ፣ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ።» እናቴ «እሺ፣ እሺ» አለች። በባጃጅ ተመለስን።

አባቴ ይህን ሲሰማ የስኳሩን ጣሳ ከነክዳኑ አንስቶ ለጎረቤት ሰጠው። ቆራጥነታችንን ማን አየልን! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስታችንም መራራ ሻይ እየጠጣን፣ ፊታችንን አጨማድደን እየተያየን እንስቅ ነበር፣ ለስላሳም ቤታችን ድርሽ ብሎ አያውቅም። እናቴ ሆስፒታል አንድ ጊዜ ሄደች፤ «ስኳርሽ ካልወረደ መርፌ ትጀምሪያለሽ፣ በሁለት ሳምንት ተመለሺ» አሏት። መርፌ ሲባል ልቧ ሸሸ። «ስኳሩን ትቼ የለ? ደግሞ ምን ቀረኝ?» አለችና ቀረች።

መስከረም አልቆ ጭቃው ጠፈፍ ሲል አዳዳ መጣች። የአባቴን እህት በኦሮምኛ አዳዳ ነበር የምንላት፤ ጊንጪ አጠገብ፣ ከጭልሞ ጫካ ሥር ትኖር ነበር፣ ቀፎዎች ነበሯት፣ እጇን አጣጥፋ መጥታም አታውቅም። አባቴን ያሳደገችው እሷ ስለነበረች ከቃሏ የሚወጣ አልነበረም። እናቴን ከንፈሯ ደርቆ፣ ዝላ ስታገኛት «እኔን! ምን አደረጋችኋት?» ብላ ጮኸች፤ ስለ ስኳሩ ስንነግራት ግን ሳቀችብን። «ስኳር ፋብሪካ የሠራው ነው፣ ይቅር። ማር እኮ መድኃኒት ነው! ዳሚ ቆሪቻ! ንብ ከአበባ የቀሰመችው ምን ያደርጋታል?» እኔ «ሲስተር ጣፋጭ ነገር ሁሉ ነው ያለችው» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። አባቴ በዓይኑ ገሠጸኝ፣ አዳዳ ደግሞ ፀጉሬን እያሻሸች «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዶክተር ሆንሽብን እንዴ?» አለች፣ ሁሉም ሳቁ። አፈርኩ፤ ሁለተኛም አላነሣሁትም።

ብርዙን መበጥበጥ የእኔ ሥራ ሆነ። ጥቅምትንና ኅዳርን ሙሉ፣ በዚያ ብርዳም ነፋስ፣ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ተመልሼ ውኃውን ለብ አድርጌ፣ ማሩን በጥብጬ፣ በጠርሙስ ሞልቼ መሥሪያ ቤቷ ድረስ አደርስላት ነበር። ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሜ ግጥም አድርጋ ስትጠጣ ሳያት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። «ነገ ሁለት ማንኪያ ጨምሪበት፣ የኔ እናት፤ ወንድምሽ ያመሰግንሻል» አለችኝ አንድ ቀን። እኔም ጨመርኩ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ከቀኑ ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ ጠዋት ምጥ ያዛትና ሆስፒታል ገባች። ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው እንደያዘው፣ ስንት ሰው ተረባርቦ እንዳወጣው የሰማሁት በኋላ ነው፤ ለእኛ የደረሰን አባቴ በስልክ «ወንድ ነው! አምስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው!» ያለው ብቻ ነበር። አቤት እልልታው! አዳዳ ገንፎ ልታገነፋ ተሯሯጠች፣ ጎረቤቱ ግቢያችንን ሞላው፣ አባቴም ሳይውል ሳያድር ጉታ ብሎ ስም አወጣለት፣ ሙሉ ማለት ነው።

በመስታወት አሳዩኝ። አንገቱ የማይለይ፣ ጉንጩ የተነፋ፣ የሦስት ወር ልጅ የሚያክል ቀይ ሕፃን ነበር፣ ቀኝ እጁ ግን ከጎኑ ተንጠልጥሎ አይንቀሳቀስም፣ ሲተነፍስ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል፣ ከንፈሩም ይንቀጠቀጥ ነበር። አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ እጁ ላይ መርፌ ነበረበት። «ይህን የሚያክል ልጅ ምን ይሆናል?» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ለእናቴ ብርዟን በፔርሙዝ ይዤ ስደርስ፣ አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያይ አገኘሁት። ቀና ብሎ «ሄደ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ መጥታ እናቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። «በእርግዝናሽ ጊዜ ጣፋጭ ነገር ትወስጂ ነበር?» አለቻት። እናቴ እንባዋን እየጠረገች «በእግዚአብሔር ስም! ስኳር በአፌ አልዞረም፤ ሻይ እንኳ መራራውን ነው» አለች። «ታዲያ ምን ትጠጪ ነበር?» «ብርዝ ብቻ።» ሐኪሟ «ማሩ ምን ያህል ነው?» ስትላት እናቴ አላወቀችም፤ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። «ስምንት ማንኪያ» አልኩ። «በፊት ስድስት ነበር።» ሐኪሟ ሳትቆጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማርም እኮ ስኳር ነው» አለችን።

አዳዳ ይህን አልሰማችም። «ዓይን ነው የበላብኝ! ኪሎውን ለሰው ያወራችሁ እናንተ ናችሁ!» እያለች ደረቷን ስትደቃ ማንም አላረማትም። አባቴ እናት የሆነችለትን እህቱን ምን ብሎ ይንገራት? አዳዳ በየዓመቱ ማር ስትልክ፣ እናቴ «ደርሶናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ትላትና ጣሳውን ሳትከፍት ለሰው ትሰጥ ነበር። የእናቴ ስኳር ከወሊድ በኋላም አልለቀቃትም፤ ዛሬ ግማሽ ሰውነቷ ቀልጦ፣ ያን የሸሸችውን መርፌ በቀን ሁለት ጊዜ በገዛ እጇ ትወጋለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ብርዙ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም፤ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ስል እሷ ወሬ ትቀይር ነበር።

ዘንድሮ እኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የምኖረውም እዚያው አምቦ ነው። ለምርመራ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ አጠጥተው ደሜን ሲለኩኝ እኔም ላይ ተገኘ። እናቴ ውጤቱን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ከትማ፣ በየጠዋቱ ጣቴን የምትወጋው፣ መርፌዬን የምትወጋኝ፣ ማታ ማታም «ተነሺ፣ በእግር ነው!» ብላ አስፋልት የምታወጣኝ እሷ ናት።

ያለፈው ሳምንት አዳዳ ልትጠይቀኝ መጣች። አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል፣ ማሩን ግን አልረሳችም፤ ማንንም ሳትጠይቅ በጥብጣ «ጠጪ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጁ ይጠንክር» ብላ ብርጭቆውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ያ ሽታ! ብርጭቆውን ከፊቴ አርቄ ይዤው ቀረሁ። እናቴ መጥታ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችና «አዳዳ፣ ጉታን የወሰደው ዓይን አይደለም። ማሩ ነው። ይቺ ልጅ ያኔውኑ ነግራን ነበር፣ ሳቅንባት» አለች። አዳዳ በዳበሳ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠችና «ይህን ሁሉ ዓመት ማሩን ስልክ ለምን ዝም አላችሁኝ?» አለች። እናቴ አቅፋት አለቀሰች፣ እኔም ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን አለቀስኩት።

አዳዳ እስክወልድ አልሄድም ብላ እዚሁ ቀርታለች። ያኔ እናቴ ስትወፍር ሰው እልል ይል ነበር፣ ጠርሙሱን ይዤ ስሮጥም ሁሉም ይመርቀኝ ነበር። አሁን በየጠዋቱ ሦስታችን አልጋዬ ላይ ተደርድረን፣ ጣቴ ተወግቶ ቁጥሩ እስኪወጣ ድረስ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን፤ አዳዳ ቁጥሩን ማየት ስለማትችል እጄን ጨብጣ ትይዝና፣ ከሁላችንም ቀድማ «ስንት አለ?» ትላለች።