በራሔይታ መንገድ ያለው የድንጋይ ቁልል

ይልቃል ደብዳቤ ይወድ ነበር። ሰው ጠጅ ይወዳል፣ ሰው ጨዋታ ይወዳል፤ እሱ ደግሞ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ከግርጌው ግልባጭ የተዘረዘረበት ደብዳቤ ነፍሱ ነው። በሃምሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ አሰብ ሲመደብ ዘመዶቹ እንደ ሞተ ሰው አልቅሰው ነው የሸኙት። ሙቀቱስ እውነትም የሚያስለቅስ ነበር። ገና በጠዋቱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ቀለሙን ያበላሽበታል። እሱ ግን ከክንዱ ሥር ፎጣ አንጥፎ ይጽፋል። የሚሠራው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት፤ ሁሉም ያው ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ዲኒ የሚባል አፋር ሽማግሌ ነበር። አማርኛን የተማረው ከካሚዮን ሹፌሮች ስለሆነ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፤ አለቃውን አቶ ክንፈን ሳይቀር አንተ ይላቸዋል። ይልቃልን ግን ወዶታል። አንድ እሑድ ወደ ራሔይታ በሚወስደው መንገድ ይዞት ወጣና፣ ከከተማው ዳር፣ አሸዋ ሜዳ ላይ የቆመ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ ቁልል አሳየው። የአያቱ መታሰቢያ ነው። አያትየው በአንድ የድርቅ ዓመት በግመሎቻቸው ውሃ ጭነው እዚያ ቆሙ፤ መንገደኛውን ሁሉ ሲያጠጡ ለራሳቸው ሳያስቀሩ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ያለፈ ሁሉ አንድ ድንጋይ ይጨምርላቸዋል። ዓሣ አጥማጆቹም ከባሕር ሲመለሱ ጀልባቸውን ወደ ዳር የሚያቀኑት ያንን ቁልል እያዩ ነው። ይልቃልም የሚጨምረው ድንጋይ ቢፈልግ አጣ፤ የአካባቢው ድንጋይ በሙሉ ተለቅሞ ቁልሉ ላይ ገብቷል። ራቅ ብሎ እስካለ ደረቅ ወንዝ ድረስ ሄዶ አንድ ይዞ መጣና ወረወረው። ዲኒ ተቆጣው። ድንጋይ በእጅ ይቀመጣል እንጂ አይወረወርም።

በዓመቱ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች በሜዳው ላይ ተተከሉ፤ አንደኛው ከቁልሉ አጠገብ ነበር። ዲኒ ያን ቀን የበሩን ዘብ ትቶ መዝገብ ቤት ገባ።

"አንተ ጽሕፈት ታውቃለህ" አለው። "መንግሥት የጻፈበትን ነገር መንግሥት አይነካም። ጻፍልኝ።"

ይልቃል ደስ አለው፤ በሚያውቀው ሥራ ተጠይቆ! ቁልሉ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ እንዲመዘገብ ለበላይ መሥሪያ ቤት ጻፈ። ከአምስት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ ምልክት ያልተደረገበት ነገር ታሪካዊ ነው ሊባል አይችልም። እንግዲያው ምልክት ይደረግበት ብሎ ጻፈ። ታሪካዊ ላልተባለ ነገር ምልክት አይደረግም አሉት። ወይ ጉድ! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኸው ነው። ጥርሱን ነክሶ ሦስተኛ፣ አራተኛ ጻፈ። አቶ ክንፈ ድንጋይ ለማዳን የመንግሥትን ወረቀት ጨረስክ እያሉ ያላግጡበታል። ዲኒ በየማለዳው በር ላይ "መጣ?" ይለዋል፤ እሱም "አልመጣም" ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተባባሉ። መንገዱን የሚጠርገው ግሬደርም ከከተማው ተነሥቶ በየወሩ ወደ ቁልሉ ይቀርባል።

በመጨረሻ ምልክቱ በመርሕ ደረጃ ተፈቅዷል፣ ግን በጀት የለም የሚል መጣ። ይልቃል ሳቀ። አሁን ያዝኳቸው አለ። ቁጭ ብሎ በሕይወቱ ከጻፋቸው ሁሉ አስበልጦ የሚወደውን ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ "ምልክቱ ከመንግሥት ካዝና ምንም ወጪ ሳይጠይቅ፣ በቦታው በሚገኝ ድንጋይ ሊሠራ ይችላል።" ደጋግሞ አነበበው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ፈቃዱ በሃያ ቀን መጣ። ይልቃል ግን ወባ ጥሎት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ወጥቶ ሲመጣ ምልክቱ ተሠርቶ አልቋል አሉት። ዲኒ አላየውም፤ አብረን ነው የምናየው ብሎ ጠብቆታል። ለዚያ ቀን አዲስ ሽርጥ ታጥቋል። ይልቃል በሽማግሌው ትከሻ ተደግፎ ሄደ።

ሜዳው ላይ አራት ማዕዘን ሐውልት ቆሟል። በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ኖራ ተቀብቶ ያበራል። ግንባሩ ላይ ባለው ዕብነ በረድ እንዲህ ተጽፏል፤ "በዚህ ስፍራ የሚገኘው የድንጋይ ቁልል ታሪካዊ ስለሆነ መንካት ክልክል ነው።" ቁልሉ ግን የለም። ዙሪያው አሸዋ ብቻ ነው።

የግንበኞቹ አለቃ፣ ካፖው፣ መዶሻውን እያጸዳ እዚያው ነበር። ይልቃል ድንጋዩ የታለ ብሎ ሲጮህበት ሰውዬው ግራ ገባው። ኪሱ ገብቶ ትእዛዙን አወጣና በጣቱ እየጠቆመ አሳየው። በቦታው በሚገኝ ድንጋይ ይላል፤ በቦታው ደግሞ ሌላ ድንጋይ አልነበረም። ሐሳቡን ያቀረበው ይልቃል መሆኑም ተጠቅሷል። ምነው እጄን በቆረጠው አለ ይልቃል በልቡ። ክንፈን ሊረግም ፈለገ፣ በጀቱን ሊረግም ፈለገ፤ ቃሉ ግን የራሱ ነው፣ ያውም የኮራበት።

 ዲኒ ሐውልቱን ዞረና ሲሚንቶውን በመዳፉ ዳበሰው።

"እያንዳንዱን ድንጋይ ሰው ነበር ያስቀመጠው" አለ። "አሁን ተዘግቷል። ማን ይጨምርበታል?" ወደ ይልቃል ዞረ። "ያፈረስከው አንተ ነህ። አንተ ጀምር።"

ይልቃል በዚያ ሐሩር፣ ከወባ በተነሣ ሰውነቱ፣ እስከ ደረቁ ወንዝ ሄደ። ሁለት ጊዜ ተቀምጦ አረፈ። አንድ ድንጋይ ደረቱ ላይ አቅፎ መጣና ከሐውልቱ ጎን፣ የድሮው ቁልል በነበረበት ቦታ፣ በቀስታ አስቀመጠው። 

ግሬደሩ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ዞሮ አለፈ። መንግሥት የጻፈበትን መንግሥት አልነካም። መንገደኛውም ይልቃል ካስቀመጠው ላይ አንድ በአንድ ይጨምር ጀመር፤ በስድሳ አራት ዓ.ም. አዲሱ ቁልል ከጉልበት አለፈ። ይልቃልም በየእሑዱ አንድ ይጨምራል።

ይኼኔ ነው አንድ ደብዳቤ የመጣው። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ግልባጩ ለሦስት ክፍል ነው። በታሪካዊው ምልክት አጠገብ ተራ ድንጋይ እየተከመረ ውበቱን ስለሚያበላሽ፣ በአስቸኳይ ተነሥቶ ውጤቱ እንዲገለጽልን ይላል። ይልቃል እስከ ግልባጩ ድረስ አነበበው። መዝገብ ላይ ሳያሰፍር አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሲወጣ ዲኒ በር ላይ ቆሟል። የፖስታ ከረጢቱ ሲገባ አይቷል።

"መጣ?" አለው።

"አልመጣም" አለ ይልቃል።