ያልታጠፈው ሃምሳ ብር

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። የአሰላ ብርድ በሲሚንቶው በኩል አጥንቴ ገባ። ጥግ ላይ የተቀመጠች የኢተያ ስንዴ ነጋዴ የጋቢዋን ግማሽ ዘርግታ፣ «አዴ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለችኝ። በምን ጥፋት እንደታሰርኩ ጠየቀችኝ። አሮጌ ብር አስቀምጬ አልኳት። ሳቀች። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ቤቴን የፈተሹት ልጄን ፍለጋ ነው። አቦምሳ ከተማ መምህር ነው፤ ለታጣቂዎች ገንዘብ ይይዛል ተብሎ ነበር። እሱን ሲያጡ ከሳጥኔ የንጉሡን ዘመን ብሮች አገኙና እኔን ወሰዱ። ብሮቹን መሰብሰብ የጀመረው ባለቤቴ ነው፤ ሲያርፍ እኔ ቀጠልኩ። በገበያ ቀን የገጠር ሰዎች ከአያት ሳጥን የወጣ ብር ያመጡልኛል። አንዳንዱ አጥቦ፣ በካውያ ተኩሶ ያመጣዋል፤ ዋጋውን እንደገደለው ለመንገር እቸገራለሁ። የአዲስ አበባ ሰብሳቢዎች ከኔ ይገዛሉ። ልጄን ያስተማርኩት በዚህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። የልጄ እኩያ ነው። ብሮቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ፤ ብሮቹ የልጄ ናቸው ይላል።

«ይፈርሙና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ፣ እማማ። እርስዎ ስለዚህ ነገር ምን ያውቃሉ?»

እጄን መታጠብ እችል እንደሆነ ጠየቅኩት። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ፣ «ሊበሉት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ውሃውን ግን አመጣልኝ። እጄን አድርቄ ብሮቹን አንድ በአንድ በጠርዛቸው እያነሳሁ በመስኮቱ ብርሃን አየኋቸው። የትኛው በብዙ እጅ እንደላመ፣ የትኛው እንደተተኮሰ፣ በየትኛው ላይ የየትኛው የባንክ ገዥ ፊርማ እንዳለ ለመርማሪው ነገርኩት። ዋጋቸውንም ነገርኩት።

የመጨረሻው ሃምሳ ብር ነበር። አንድም እጥፋት የለውም፤ ከሁሉም ውዱ እሱ ነው። ይህንንም ነገርኩት። ከእጄ ተቀበለኝና ዓይን ዓይኔን እያየ ለሁለት አጠፈው። ደግሞ ለአራት። በጥፍሩ ጫን ብሎ አሸው።

ይመታኛል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ይህን አልጠበቅኩም። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

«አሁንስ ስንት ነው?» አለኝ።

«አሁን ሲሶውን ቢያወጣ ነው» አልኩት። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። «ልጄ ይህን አያውቅም። የኔ ነው ብለህ ጻፍ።»

መርማሪው ወረቀቱን ቀዶ ብሮቹ የኔ ናቸው የሚል ሌላ ጻፈ። ስሜን እስከ አያቴ አስፍሬ፣ የክርስትና ስሜንም ጨምሬ ፈረምኩ።

ሁለት ወር ታስሬ ቆየሁ። ብሮቹ አልተመለሱልኝም። በመዝገቡ ላይ የልጄን ስም የሚያነሳ ነገር ስላልነበረ ግን እሱን አልነኩትም።

ዛሬም ያስተምራል። ለበዓል ይመጣል። ስለተቀደደው ወረቀት አልነገርኩትም። «የአባቴ ብሮች ጠፉ» ብሎ በተቆጨ ቁጥር ወጥ እጨምርለታለሁ፤ በልቤም ተመስገን እላለሁ።